ጨረቃ ከፍሬሙ ስታልፍ፦ ስለ ፎካል ሪዲዩሰር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ሲሆኑ፣ የሚያጠነጥኑትም ጨረቃን በቴሌስኮፕ ፎቶግራፍ በማንሳት፣ በተለይም ፎካል ሪዲዩሰር በተባለው፣ የቴሌስኮፕን የትኩረት ርዝመት አሳጥሮ ምስሉን በሚያሳንሰው ሌንስ አጠቃቀም ላይ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ለሌሎቹ መሠረት ስለሚሆን ሰፋ አድርገን እንመልሰዋለን።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ባለ 8 ኢንች የሴለስትሮን ሽሚት-ካሴግሬን ቴሌስኮፕ (በመስታወትና በፊት ሌንስ የሚሠራ) አምጥቶልኛል። ካሜራዬ ካነን ሲሆን ሴንሰሩ (ምስሉ የሚያርፍበት ብርሃን ተቀባይ ገጽ) ከሙሉ ፍሬም ያነሰው ዓይነት ነው። ካሜራውን ከቴሌስኮፑ ጋር በቀጥታ ስገጥመው ሙሉ ጨረቃ ከላይና ከታች ተቆርጣ ትወጣብኛለች። አንድ ወዳጄ ኤፍ 6.3 የሚባለውን ሪዲዩሰር እንድገዛ ሲመክረኝ፣ ሌላው ደግሞ ሌንስ በተጨመረ ቁጥር ጥራት ስለሚቀንስ ገንዘቤን እንዳላባክን ይነግረኛል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ወዳጅዎን ይስሙ፤ ነገር ግን ምክሩ ለእርስዎ ቴሌስኮፕና ለእርስዎ ካሜራ የሚሠራ መሆኑን አስቀድመው በስሌት ያረጋግጡ፤ ስሌቱም ቀላል ነው። ጨረቃ በሰማይ ላይ የምትይዘው ስፋት በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ በመሆኑ፣ ማንኛውም ቴሌስኮፕ ሴንሰር ላይ የሚጥለውን የጨረቃ ምስል ስፋት ለማወቅ የትኩረት ርዝመቱን ለ110 ማካፈል ይበቃል። የእርስዎ ቴሌስኮፕ የትኩረት ርዝመት 2032 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ምስሉ 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የካሜራዎ ሴንሰር ግን 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው። በአግድም ቦታ ይተርፋል፣ በቁመት ግን ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ይጎድላል። ጨረቃ ከምድር እጅግ በምትርቅበት ወቅት እንኳ ምስሏ ከ17 ሚሊ ሜትር አያንስም፤ እጅግ በምትቀርብበት ጊዜ ደግሞ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ቀን መርጠው ችግሩን ሊያመልጡት አይችሉም።

ኤፍ 6.3 የተባለው ሪዲዩሰር የእርስዎን ኤፍ 10 (የትኩረት ርዝመቱ የአፉ ስፋት 10 እጥፍ የሆነ) ቴሌስኮፕ የትኩረት ርዝመት በ0.63 አባዝቶ ወደ 1280 ሚሊ ሜትር ያወርደዋል። ይህ ለ110 ሲካፈል 11.6 ሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ ጨረቃ በቀረበችበት ሌሊትም ምስሉ ከ12.5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ከላይና ከታች ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ጥቁር ሰማይ ይተርፋልና ጨረቃ ያለ ጭንቀት ትገባለች። ካሜራዎ 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ሙሉ ፍሬም ሴንሰር ቢኖረው ኖሮ ግን ሪዲዩሰሩን ለጨረቃ ብለው እንዲገዙት አልመክርዎትም ነበር፤ 18.5 ሚሊ ሜትር በ24 ውስጥ ያለ ምንም እርዳታ ይገባልና።

የሁለተኛው ወዳጅዎ አነጋገር ግማሽ እውነት አለው። ቴሌስኮፕ ሊለየው የሚችለውን የዝርዝር መጠን የሚወስነው የአፉ ስፋት ሲሆን፣ 203 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ በጥሩ ሁኔታ 0.57 አርክ ሴኮንድ (አንድ አርክ ሴኮንድ የዲግሪ 1/3600ኛ ነው) ያህል መለየት ይችላል፤ ይህም በጨረቃ ገጽ ላይ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሪዲዩሰር ይህን አቅም አይጨምርም፣ አይቀንስምም። የሚያደርገው ምስሉን አሳንሶ በጥቂት ፒክሰሎች ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ነው። ፒክሰሉ 3.7 ማይክሮ ሜትር በሆነ ካሜራ፣ ያለ ሪዲዩሰር አንዱ ፒክሰል 0.38 አርክ ሴኮንድ፣ ከሪዲዩሰር ጋር ደግሞ 0.6 አርክ ሴኮንድ ይሸፍናል። አየሩ በአብዛኛው ሌሊት ከ1 አርክ ሴኮንድ የተሻለ ዝርዝር ስለማያሳልፍ፣ ሙሉዋን ጨረቃ በአንድ ፎቶ ለሚፈልግ ሰው ልዩነቱ የሚያስቆጭ አይደለም። 93 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን የኮፐርኒከስን ጉድጓድ ብቻ አቅርበው ለማንሳት በሚሹበት ሌሊት ግን ሪዲዩሰሩን ያውልቁት፤ ምናልባትም በተቃራኒው የሚሠራውን ባርሎው ሌንስ ይግጠሙ።

ሌላው ጥቅም ብርሃን ነው። ከኤፍ 10 ወደ ኤፍ 6.3 ሲወርዱ በእያንዳንዱ ፒክሰል ላይ የሚያርፈው ብርሃን 2.5 እጥፍ ስለሚሆን የሹተሩ ጊዜ በዚያው ልክ ያጥራል። በአይ.ኤስ.ኦ. (የካሜራው የብርሃን ስሜታዊነት) 100 ለሙሉ ጨረቃ የሴኮንድ 1/300ኛ አካባቢ፣ ለግማሽ ጨረቃ ከ1/80ኛ እስከ 1/60ኛ፣ ለቀጭን ጨረቃ ደግሞ ከ1/40ኛ እስከ 1/30ኛ ያለውን መነሻ አድርገው ይሞክሩ፤ ከዚያም በካሜራው ሂስቶግራም (የብርሃኑን ስርጭት በሚያሳየው ሥዕል) እየተመሩ ያስተካክሉ። ግማሽ ጨረቃ ከሙሉ ጨረቃ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ መጠየቋ ብዙዎችን ያስገርማል፤ ምክንያቱ ግን የፀሐይ ብርሃን በጎን በኩል ሲያርፍባት ገጽዋ በየጥላው ተሸፍኖ መፍዘዙ ነው። እነዚያው ጥላዎች ናቸው ፎቶውን ውብ የሚያደርጉት። በእኔ ግምት ሙሉ ጨረቃ ለጀማሪ የምትመች፣ ለተመልካች ግን ጠፍጣፋ የሆነች ምስል ናት፤ ጨረቃ ከታየች ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ የብርሃንና የጨለማው ድንበር ላይ የሚታየውን ጉድጓድና ተራራ የሚያህል የለም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ቦታ እንምጣ። ሪዲዩሰር ከሴንሰሩ ያለው ርቀት እንደ አጋጣሚ የሚተው ነገር አይደለም። ለእርስዎ ቴሌስኮፕ የተሠራው ሪዲዩሰር ከኋላው እስከ ሴንሰሩ ድረስ 105 ሚሊ ሜትር ርቀት ይፈልጋል። ይህ ርቀት የሚገኘው 50 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለውን ቲ-አዳፕተር የተባለ ቱቦ ከሪዲዩሰሩ ጋር፣ ቲ-ሪንግ የተባለውን ማገናኛ ቀለበት ደግሞ ከካሜራው ጋር በመግጠም ሲሆን፣ ቲ-ሪንጉና የካሜራው ውስጣዊ ጥልቀት ተደምረው 55 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። መስታወት በሌላቸው አዳዲስ ካሜራዎች ሴንሰሩ ከመግጠሚያው አጠገብ ስለሚገኝ ቲ-ሪንጋቸው ረዘም ብሎ የሚሠራውም ይህን 55 ሚሊ ሜትር ለመሙላት ነው። ርቀቱ ከሚገባው በላይ ሲረዝም ማሳጠሩ ይበረታል፣ ጠርዞቹም ይጨልማሉ፤ ሲያጥር ደግሞ ማሳጠሩ ይላላል። ለጨረቃ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር መዛነፍ ጥፋት የሚባል አይደለም፤ ጨረቃ የምትቀመጠው የምስሉ መካከል ላይ ነውና። ኮከቦችን በሚያነሱበት ጊዜ ግን በማዕዘኖቹ ላይ በግልጽ ይታያል። ይኸው ሪዲዩሰር የሽሚት-ካሴግሬንን የተጣመመ የምስል ገጽ ለማቃናት ጭምር የተቀመረ ስለሆነ፣ ኤጅ ኤችዲ ከተባለው የሴለስትሮን ዓይነት ጋር ወይም በመስታወት ብቻ ከሚሠራው ኒውተናዊ ቴሌስኮፕ ጋር መጠቀም አይገባም።

ፎከስ የሚያደርጉት በካሜራው የቀጥታ ስክሪን ላይ 10 ጊዜ አጉልተው፣ ዓይንዎን በብርሃንና በጨለማው ድንበር ላይ አሳርፈው ይሁን፤ በሙሉ ጨረቃ ሌሊት ድንበሩ ስለማይኖር በአቅራቢያዋ ያለን ደማቅ ኮከብ ነጥብ እስኪያክል ማጥራት ይሻላል። የዚህ ቴሌስኮፕ ዋና መስታወት ፎከስ በሚደረግበት ጊዜ ስለሚንቀሳቀስ፣ የመጨረሻዋን ዙር ሁልጊዜ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ያድርጓት፤ መስታወቱ ወደ ላይ ተገፍቶ ስለሚቀመጥ ወደ ኋላ አይንሸራተትም። ሹተሩን በጣት አይጫኑ፤ የ2 ሴኮንድ ሰዓት ቆጣሪውን ወይም ገመዱን ይጠቀሙ። ጨረቃ በእያንዳንዱ ሴኮንድ በሰማይ ላይ 15 አርክ ሴኮንድ ያህል ትጓዛለች፤ ይህ ግን ሪዲዩሰሩ ሲገጠም በ1/60ኛ ሴኮንድ ከአንድ ፒክሰል እኩሌታ በታች ስለሆነ ምስሉን አያደበዝዝም። የመከታተያ ሞተሩ የሚያስፈልገው ጨረቃ የራሷን ስፋት ያህል በ2 ደቂቃ ስለምትሸሽና ከፍሬሙ ስለምትወጣ ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፤ ይህ በተለይ ለእኛ አገር ነው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ጨረቃ ብዙ ጊዜ ከአናታችን በላይ ወይም ከዚያ አጠገብ ታልፋለች። ቴሌስኮፕዎ በአንድ ክንድ ላይ የቆመ ከሆነ ሪዲዩሰሩ፣ ቲ-አዳፕተሩና ካሜራው ተደማምረው ከኋላ ስለሚረዝሙ፣ ቱቦው ወደ አናት ሲቃና ካሜራው ከታች ያለውን መሠረት ይመታል። በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለውን የከፍታ ገደብ 60 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይወስኑትና ጨረቃ አናት ላይ ከመድረሷ 2 ሰዓት ያህል በፊት ወይም በኋላ ያንሱ። ቴሌስኮፑን ወደ ሰሜን ኮከብ አዘንብሎ በሚያቆመው ዌጅ ችግሩን ለመፍታት የሚያስቡ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን የሰሜን ኮከብ ከደሴ የሚታየው ከአድማስ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ ዌጆች ወደዚያ ዝቅታ በምቾት አይወርዱም፤ ሰሜኑም በጋራ የተጋረደ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። 70 ሚሊ ሜትር አፍና 700 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ያለው የሌንስ ቴሌስኮፕ አለኝ። ለፕላኔት ማንሻ የተሠራ አነስተኛ ካሜራም አግኝቻለሁ፤ ሴንሰሩ 4.8 በ3.6 ሚሊ ሜትር፣ ምስሉም 1280 በ960 ፒክሰል ነው። 0.5 የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሪዲዩሰር ከካሜራው አፍንጫ ላይ አስሬ ስሞክር ፎከስ ፈጽሞ አልመጣልኝም። ጓደኛዬ ጋ ወስደን በሌላ ቴሌስኮፕ ስንሞክረው ደግሞ ፎከስ ቢመጣም ምስሉ በግማሽ አልቀነሰም። ሪዲዩሰሩ የተበላሸ ይሆን?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ሪዲዩሰርሽ ደህና ነው። ሁለቱም ችግሮች የሚመነጩት ሪዲዩሰሩ ከሴንሰሩ ካለው ርቀት ሲሆን፣ የምህንድስና ተማሪ እንደመሆንሽ ቀመሩን ብንጽፍልሽ ይሻላል፦ የማሳጠሩ መጠን ከ1 ላይ የሪዲዩሰሩና የሴንሰሩ ርቀት ለሪዲዩሰሩ የትኩረት ርዝመት ተካፍሎ ሲቀነስ የሚገኘው ነው። የዚህ ዓይነት ሪዲዩሰሮች የትኩረት ርዝመት በአብዛኛው 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ 0.5 የሚገኘው ርቀቱ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን ብቻ ነው። ሪዲዩሰሩን በካሜራው አፍንጫ ጫፍ ላይ በቀጥታ ስታስሪው ግን ርቀቱ 30 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆን 0.7 ታገኛለሽ፤ በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የተስፋ ቁጥር ነው እንጂ የተረጋገጠ አይደለም። በአንቺ ቴሌስኮፕ 0.7 ማለት 490 ሚሊ ሜትር፣ የጨረቃ ምስልም 4.5 ሚሊ ሜትር ማለት ስለሆነ 3.6 ሚሊ ሜትር ቁመት ባለው ሴንሰር ላይ አይገባም። 0.5 ስታገኚ 350 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ምስሉም 3.2፣ ጨረቃ በቀረበች ጊዜ 3.4 ሚሊ ሜትር ነው። በጠባቡም ቢሆን ይገባል። የጎደለውን 20 ሚሊ ሜትር የሚሞላ ማራዘሚያ ቱቦ በሪዲዩሰሩና በካሜራው መካከል አስገቢ።

ፎከስ ያልመጣልሽ ደግሞ ሪዲዩሰር ብርሃኑን ቀድሞ እንዲሰበሰብ ስለሚያደርግ የትኩረቱ ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ነው። በ0.5 ማሳጠርና በ50 ሚሊ ሜትር ርቀት ሴንሰሩ ከቀድሞው ቦታ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ቴሌስኮፑ መጠጋት አለበት፤ የፎከሰርሽ ቱቦ ደግሞ ይህን ያህል የሚገባበት ቦታ አይኖረውም። አልጻፍሽልንም እንጂ ብርሃኑን ወደ ላይ የሚያጥፈውን ዳያጎናል ሳታወልቂ የሞከርሽ ይመስለናል። እሱን አውጪውና ካሜራውን በቀጥታ ፎከሰሩ ውስጥ አስገቢ፤ ዳያጎናሉ በራሱ ውስጥ የሚበላው መንገድ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ያ ሁሉ ቦታ ለሪዲዩሰሩ ነፃ ይወጣል። በኒውተናዊ ቴሌስኮፕ ግን ይህ ዘዴ የለም፤ በብዙዎቹ ላይ የ0.5 ሪዲዩሰር ከነጭራሹ ፎከስ አይሰጥም።

የጨረቃ ጠርዝ ላይ የሚታየው ወይን ጠጅ ቀለም የሪዲዩሰሩ ጥፋት አይደለም፤ ሁለት መስታወት ብቻ ያለው የፊት ሌንስ ባሕርይ ነው። ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጠሽ አረንጓዴውን ቀለም ብቻ ብትወስጂ በእጅጉ ይሻሻላል። ይህ ካሜራ ቪዲዮ ስለሚቀርጽ አንድ ነጠላ ፎቶ ለማንሳት አትድከሚ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፍሬሞችን ቅረጪና እንደ አውቶስታከርት ባለ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ጥርት ያሉትን አስመርጠሽ አስደርቢያቸው። ሪዲዩሰሩን ጨርሶ መተው ከፈለግሽም መንገድ አለ፤ ጨረቃን በየክፍሉ ቀርጸሽ በኮምፒዩተር ማገጣጠም ትችያለሽ። ሥራው ይበዛል፣ ዝርዝሩ ግን ከአንዱ ፍሬም ይበልጣል።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የቶርኖ ሥራ ባለቤት ነኝ። አንድ ወጣት ለቴሌስኮፕና ለካሜራ ማገናኛ የሚሆን የአሉሚኒየም ቀለበት እንድሠራለት ጠይቆኛል። ናሙና ብሎ ያመጣልኝ የድሮ ዜኒት ካሜራ ሌንስ ነው። ልኩ ተመሳሳይ ነውን?

መልስ፦ ተመሳሳይ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ሥራውን ሳይጀምሩ መጠየቅዎም መልካም ሆኗል። የዜኒቱ ሌንስ ጥርስ 42 ሚሊ ሜትር ስፋትና በጥርስና በጥርስ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ርቀት አለው። የቲ-ሪንግ ጥርስ ስፋቱ 42 ሚሊ ሜትር ሆኖ ርቀቱ 0.75 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱን ለማጋባት የሚሞክር ሰው አንድ ዙር ተኩል ያህል ይዞለት ከዚያ በኋላ ጥርሱን ይበላዋል። የሽሚት-ካሴግሬን ቴሌስኮፕ የኋላ ጥርስ ደግሞ በኢንች የተለካ ነው፦ ስፋቱ 2 ኢንች፣ በእያንዳንዱ ኢንችም 24 ጥርስ። አነስተኛዎቹ ሪዲዩሰሮች የሚታሰሩበት የ1.25 ኢንች ማጣሪያ ጥርስ 28.5 ሚሊ ሜትር በ0.6 ነው፤ በዚህኛው ግን አምራቾች እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ ዕቃው ራሱ በእጅዎ ካልመጣ አይቁረጡ። ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ለጨረቃ ጉዳት የለውም፤ ሁለቱ ፊቶች ትይዩ መሆናቸው ግን ከርዝመቱ ይበልጣል፤ ፊቱ ካዘነበለ ከምስሉ አንዱ ወገን ይደበዝዛልና። ሲጨርሱ የውስጡን ግድግዳ በማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ይቀቡት። የጨረቃ ብርሃን ብርቱ ስለሆነ ያላጠቆሩት አሉሚኒየም ነጸብራቁን ወደ ሴንሰሩ መልሶ ጥቁሩን ሰማይ ያገረጣዋል።

ጥያቄ፦ በስልክ ለማንሳትስ ሪዲዩሰር ይጠቅማል?

መልስ፦ አይጠቅምም። በስልክ ሲያነሱ በዓይን ሌንስ በኩል ስለሚያነሱ፣ ያንኑ ውጤት 25 ወይም 32 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ አጉልቶ የማያሳይ የዓይን ሌንስ ይሰጥዎታል። ገንዘብዎን ስልኩን አጥብቆ በሚይዝ ማሰሪያ ላይ ያውሉት።

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነዋሪ ነኝ። ሪዲዩሰር ገጥሜም ሳልገጥምም የጨረቃ ጠርዝ እንደሚፈላ ውኃ ይንቀጠቀጥብኛል። የማነሳው ከቤቴ ሰገነት ላይ፣ ጨረቃ ከምሥራቅ ብቅ እንዳለች ነው። ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ወይስ የእኔ?

መልስ፦ የሰዓቱና የቦታው ነው። ጨረቃ ከአድማስ ብዙ ከፍ ሳትል ብርሃኗ የሚያቋርጠው አየር ከአናት በላይ ስትሆን ከሚያቋርጠው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እኛ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ የታደልን ነን። ጨረቃ ከሰማይ ወገብ (በምድር ወገብ ትይዩ ከሚታሰበው የሰማይ መስመር) ወደ ደቡብ እጅግ ብትርቅ 28.5 ዲግሪ ያህል ስለሆነ፣ ከደሴ ሲታይ የሰማዩን መካከል ስታቋርጥ ከ50 ዲግሪ ብዙ ዝቅ የምትልበት ሌሊት የለም፤ በለንደን ግን በዚያው ሌሊት ከአድማስ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። በታኅሣሥና በጥር የምትወጣው ሙሉ ጨረቃ እንዲያውም ከአናታችን አልፋ በሰሜን በኩል ትሻገራለች። ይህን ያህል ስጦታ እያለ ገና ስትወጣ ማንሳት፣ ከፊቷ የሚታይ ጋራ ወይም ሚናሬት ለማስገባት ካልሆነ በቀር፣ ምክንያት የለውም። ሁለት ሦስት ሰዓት ይጠብቁ።

ሰገነቱም ተባባሪ ነው። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ቀን የጠጡትን ሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት ሲተፉ ከቴሌስኮፑ ፊት ያለውን አየር ያምሱታል፤ የጎረቤት ከሰልም እንዲሁ። ሣር ያለበት ግቢ ከሰገነት ይሻላል። ቴሌስኮፑ ራሱም ከሞቀ ክፍል ወጥቶ ወዲያው ፎቶ ሊያነሳ አይችልም፤ የቱቦው ውስጥ አየር ከደሴ ብርድ ጋር እስኪስማማ፣ በተለይ ለተዘጋ ቱቦ፣ 1 ሰዓት ያህል አስቀድመው ውጭ ያስቀምጡት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የከባቢ አየሩ ሩብ ያህል ከእግራችን በታች ነው፤ ይህ ጥራትና ጥቁረት ይሰጣል፣ ጸጥታን ግን አያረጋግጥም። ነፋስ ከጦሳ ተራራ ተሻግሮ ወደ ከተማው በሚወርድበት ሌሊት አየሩ ስለሚታመስ ሪዲዩሰር ገጥሞ ሙሉዋን ጨረቃ ማንሳት እንጂ በትልቅ ማጉላት መድከም አይገባም። ጦሳ ሌላም ነገር ይነፍገናል፦ ፀሐይ ከገባች በኋላ በምዕራብ የምትታየው የ2 ወይም የ3 ቀን ጨረቃ በከተማው መካከል ላለ ሰው ቶሎ ከተራራው በስተጀርባ ትሰወራለች። እሷን የፈለገ ምዕራቡ ወደ ተገለጠለት ከፍታ ይውጣ። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ጤዛ በፊት ሌንሱ ላይ ስለሚያርፍ፣ ከካርቶን ወይም ከስፖንጅ ፍራሽ የተቆረጠ ረጅም ከለላ በቱቦው አፍ ላይ መጠቅለል ይበቃል፤ ሌንሱን በጨርቅ መጥረግ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ጥያቄ፦ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የነበረውን የጨረቃ ግርዶሽ በቴሌስኮፕ ለማንሳት ሞክሬ፣ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ስትቀላ ፎቶዎቼ ሁሉ ጨለሙብኝ። ለሚቀጥለው ሪዲዩሰር ልግዛ? (ከደሴ)

መልስ፦ ሪዲዩሰር ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይበልጥ ዋጋውን የሚመልሰው በሙሉ ግርዶሽ ወቅት ነው። ያን ምሽት ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ የቆየችው 82 ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ በጥላው ውስጥ ያለች ጨረቃ ብርሃኗ ከተራዋ ሙሉ ጨረቃ በሺዎች እጥፍ ያንሳል። ለሙሉ ጨረቃ የለመዱትን 1/300ኛ ሴኮንድ ይዘው ከቀጠሉ ጥቁር ፍሬም ማግኘትዎ አይቀሬ ነው። በኤፍ 6.3 እና በአይ.ኤስ.ኦ. 800 ከግማሽ ሴኮንድ እስከ ጥቂት ሴኮንዶች እየለዋወጡ ማንሳት ይኖርብዎታል። በኤፍ 10 ግን 5 ሴኮንድ የሚጠይቀው ፎቶ በኤፍ 6.3 በ2 ሴኮንድ ያልቃል፤ ልዩነቱ የሚሰማው የመከታተያው ሞተር ፍጹም በማይሆንበት ጊዜ ነው። ጨረቃ ከኮከቦች አንጻርም በየሴኮንዱ ግማሽ አርክ ሴኮንድ ያህል ስለምትንሸራተት፣ መቆጣጠሪያው የጨረቃ ፍጥነት የሚል ምርጫ ካለው እሱን ይጠቀሙ። ጥላው ገና ሲጀምርና ሲያበቃ ግን ብሩህ የሆነው ወገን እንዳይነድ ወደ አጭሩ ጊዜ መመለስን አይርሱ።

ከአገራችን በምሽት ሙሉ በሙሉ የሚታየው ቀጣዩ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ 2028 ዓመት ሊያልቅ በመጨረሻው ዕለት ይውላል። መካከሉ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ጨረቃ ያኔ ከወጣች 2 ሰዓት ያልሞላት ስለምትሆን በምሥራቅ ዝቅ ብላ ትገኛለች። ስለዚህ ቴሌስኮፑ ያን ጊዜ ከመሠረቱ ጋር አይጋጭም፤ ይልቁንም የሚያሳስበው የምሥራቁ ጋራ ነው። ሙሉ ጥላው ሲጀምር ከፍታዋ 15 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ስለሚሆን፣ ከመቆሚያዎ ሆነው ምሥራቁ እስከ ምን ያህል ዲግሪ እንደተጋረደ ከወዲሁ መለካት ያስፈልጋል፤ ክንድዎን ዘርግተው የጨበጡት እጅ ወደ 10 ዲግሪ ስለሚሸፍን ለመለኪያነት ይበቃል።